«እኔን!» በሐይቁ ዳር

ለእማዬ የዝናብ ቦቷን ሳደርግላት የላስቲኩ ሽታ ወደ ኦንታርዮ ሐይቅ መለሰኝ። ልጅ ነበርኩ። ከሰፈራችን ከክሬሰንት ታውን የሄድን አምስት ልጆች ገላ ላይ የሚጣበቅ የላስቲክ ልብስ ለብሰን በቦርድ ማዕበል ላይ መንሸራተት፣ ሰርፊንግ፣ እንማራለን። ቦርዱ ላይ ቆመን ሳንጨርስ ማዕበሉ ይጥለናል። ዋና የማትችለው እማዬ፣ የማንም ልጅ ይሁን በወደቀ ቁጥር ከዳር ሆና «እኔን!» ትላለች። አሳፈረችኝ።

«ማሚ፣ ስቶፕ! ለምንድነው እኔን የምትዪው?»

«ለእናንተ የመጣው ለእኔ ይሁን ብዬ ነዋ።»

«ውኃ እኮ ነው!»

«ውኃም ቢሆን» አለች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል።

ቦቷን አድርጌላት ስንወጣ እርጥቡ ደረጃ አዳለጣት። አፌ ቀደመኝና «እኔን!» አልኩ።

ክንዴን ጨበጥ አድርጋ ተቆጣችኝ።

«አንቺንማ አይንካብኝ!»