ኮፈኑ ሞቆ ነበር

በብርድ ጠዋት መኪና አስነስታችሁ፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ግን ማርሽ አልቀይርም ብሎ እንደ ግትር በቅሎ ሲንፏቀቅባችሁ ደርሶባችሁ ያውቃል?

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ላይ ደረሰ። ታኅሣሥ ነው። አዳማን በሙቀቷ ብቻ የሚያውቃት ሰው አያምነኝም እንጂ፣ በታኅሣሥ ማለዳ ከሜዳው የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ፒክአፑ ከግቢ ወጥቶ ዳገቱን ሲጀምር ሞተሩ እሪ አለ፤ ፍጥነቱ ግን የጋሪ ነበር። እኔ መፋቂያዬን ይዤ በሬ ላይ ቆሜ ነበር። ጎረቤቴ በመስኮት አንገቱን አወጣና «መምህር፣ ይሄ ነገር ሊሞትብኝ ነው እንዴ?» አለኝ።

«አይሞትም፣ በርዶት ነው። ነዳጅ አታብዛበት። ቀስ ብለህ ንዳው፣ አደባባዩ ጋ ስትደርስ ይለቅሃል።»

እጁን አወዛውዞ ሄደ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ያ ጩኸት ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ ወደተቀመጥኩበት ጋቢና መልሶኝ ነበር።

ማስረዳት እወዳለሁ፤ እንጀራዬም ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። በእጅ ማርሽ መኪና ፍሪሲዮን የሚረግጠው የሰው እግር ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ግን የእግሩንም የእጁንም ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው። በግፊት እየሄደ አንዱን ማርሽ ይይዛል፣ ሌላውን ይለቃል። ዘይት ደግሞ ሲበርደው ይወፍራል። ማር በብርድ ቀን ከዕቃው ሲቀዳ አይታችኋል? ይመጣል፣ ግን በራሱ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ፒክአፕም ቢሆን በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ማርሽ ቢያዘገይ አይደንቅም። በሽታው ሌላ ነው። ካምቢዮው ውስጥ ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚያግዱ ቀለበት መሳይ ጎማዎች አሉ። አርጅተው ከደረቁ በብርድ ጊዜ ዘይቱ በጎናቸው ሾልኮ ይሄዳል፤ ማርሹም አይይዝም። ሲሞቁ ግን ይለሰልሱና ምንም እንዳልነበረ ይሠራሉ። እንግዲህ ይህን በሽታ መደበቅ የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚያደርግ ገብቷችኋል። ለእኔ በዚያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

አጎቴ ጋሽ ነገዎ ከዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ሽንኩርት ያለማሉ። እኔን ያስተማረኝ የእሳቸው ጋሪ ነው ብል አላጋነንኩም። ቡላ የሚባል ፈረስ ነበራቸው፤ መቂ ትምህርት ቤት እስክደርስ ስንት ጠዋት ከሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጬ በቡላ ተጎትቻለሁ። ተመርቄ አዳማ ፊዚክስ ማስተማር ስጀምር «ባርሲሳ» ይሉኝ ጀመር፤ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው። ሲኮሩብኝም ሲያሾፉብኝም ያው «ባርሲሳ» ነበር።

የዚያን ዓመት ፒክአፕ መግዛት ፈለጉ። መንዳት ያውቃሉ፤ በወጣትነታቸው የእርሻ ትራክተር ነድተዋል። ከዚያው ትራክተር ወድቀው ግራ ጉልበታቸው ስለተጎዳ ግን ፍሪሲዮን መርገጥ አይችሉም። አውቶማቲክ መሆን ነበረበት። «አንተ አይተህ ግዛ ካልከኝ እገዛለሁ» አሉኝ። ቡላን ደግሞ ወዲያው ሸጡት። ሁለቱን መቀለብ አልችልም ብለው ነው። በቃሌ ላይ ምን እንደተጫነ ያን ጊዜ በደንብ አላሰብኩትም።

ያየሁት በሌሊሳ ዓይን ነበር። ሌሊሳ ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ ተቀምጧል። ፊዚክስ ከእኔ ይገለብጣል፣ እኔ ምሳውን እበላለሁ፤ ውላችን ይኸው ነበር። አዳማ ላይ መካኒክ ሆኖ ስለነበር ነገሩን ስነግረው ጊዜ አልወሰደም።

«ለጋሽ ነገዎ የሚሆን ፒክአፕ አለኝ። ባለቤቱ ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ስለሆነ ቸኩሏል። እሑድ አራት ሰዓት ላይ ኑ።»

«ማለዳ ብንመጣ አይሻልም? ጋሼ በጊዜ መመለስ ይፈልጋሉ።»

«ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ነኝ። አራት ሰዓት በቃ።»

መስከረም ማብቂያ ላይ ነበር። ፒክአፑ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ታጥቦ ያብለጨልጫል። አጎቴ ጎማውን አልረገጡም፣ በሩን ከፍተው አልዘጉም። ቀጥ ብለው ወደፊት ሄዱና መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ፤ ልክ የፈረስ አንገት እንደሚዳስሱት። ቆዩ።

«ይሄ ዛሬ ሮጧል» አሉ።

ሌሊሳ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ እኔን አየኝ።

«ፈረስ ስትገዛ» አሉ አጎቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «መጀመሪያ አንገቱን ትዳስሳለህ። ላብ ካለው አትገዛም። እግሩ የደረቀ ፈረስ ጠዋት ያነክሳል፤ አስሩጠው ካላቡት ግን ማንከሱ ይጠፋል። ሻጭ ያውቃታል። ይሄስ ለምን ሞቀ?»

እኔም አስረዳሁ። ጥቁር ነገር የፀሐይን ሙቀት ከነጭ ይልቅ እንደሚስብ፣ ብረት ቶሎ እንደሚሞቅ፣ በአራት ሰዓት የአዳማ ፀሐይ ምን ያህል እንደሚበረታ አስረዳሁ። አጠገቡ የቆመ ነጭ መኪና ኮፈን እያስነካሁ አወዳደርኩላቸው። ያ ነጭ ኮፈን ቀዝቃዛ ነበር! ለእኔ ማስረጃ ሆነኝ።

«አየህ ጋሼ?» አለ ሌሊሳ፤ ለትልቅ ሰው «አየህ» ማለቱ እንኳ ያን ጊዜ አልቆረቆረኝም። «ፊዚክስ ማለት እንዲህ ነው።»

አጎቴ መዳፋቸውን ከኮፈኑ አነሱ። «እንግዲህ ባርሲሳ ካለ» አሉ።

ፒክአፑን እስከ ቆቃ ነዳነው። ማርሹ እንደ ቅቤ ይንሸራተት ነበር። መንገድ ዳር ከሐይቁ የወጣ ዓሣ በዳጣ በላን፤ ሌሊሳ አጥንቱን እየለቀመ ለአጎቴ ያጎርሳል። ሳስበው የሚያመኝ ይኼ ጉርሻ ነው።

ጥቅምትና ኅዳር በሰላም አለፉ። ሽንኩርቱ ገና ስላልደረሰ አጎቴ የሚነዱት ቀን ቀን፣ በሙቀት ነበር። ታኅሣሥ ላይ ምርቱ ደረሰ። ሦስት ጎረቤቶቻቸውም በእሳቸው መኪና ላይ ተማምነው ጆንያቸውን አመጡ፤ አዳማ ገበያ ነጋዴው ሳይበተን መድረስ አለበት። ቅዳሜ ስለነበር እኔም ዓርብ ማታ ሄጄ እዚያው አደርኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጋቢና ውስጥ ገባን። ትንፋሻችን ይታያል፣ የመስታወቱ ጤዛ አልጠፋም። አጎቴ ማርሹን አስገቡ፤ መኪናው ዝም አለ። ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ጮኸ፤ ከዚያ ከኋላ ሰው እንደገፋው ተወርውሮ ወጣ። አስፋልት ላይ ሁለተኛ ማርሽ አልገባ አለ። ከኋላችን ከባድ መኪኖች ጡሩምባ ይነፋሉ። ጭነቱ ላይ የተቀመጡት ጎረቤቶች ጣራውን እየደበደቡ «ነገዎ! ይሄ ነገር በቡላ ይሻል ነበር!» እያሉ መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ ከፍ እያለች የሄደችውን ፀሐይ ያዩ ጀመር። 

ሞጆ ልንገባ ስንል መኪናው ተለቀቀ። እንደዚያች እሑድ ለስለስ ብሎ ሄደ። አጎቴ ዳር ይዘው አቆሙ፤ እያነከሱ ወርደው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አደረጉ።

«ላብ ሲይዘው ዳነ» አሉ።  ገበያ ስንደርስ ደህናዎቹ ነጋዴዎች ሄደዋል። አጎቴ ለሦስቱ ጎረቤቶች ይቅርታ ሲጠይቁ እኔ የጆንያ አፍ እየፈታሁ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ከገበያው በቀጥታ ወደ ሌሊሳ ጋራዥ ሄድኩ። መኪና ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

«ታውቅ ነበር?»

እግሩ ቆመ። ተንፏቆ ወጣ፤ ፊቴን ሲያይ ስለምን እንደማወራ አልጠየቀኝም።

«ያን ዕለት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ነድቼው ነበር» አለ። «ሁሉም ደላላ ያሞቃል። ይሄ ሥራ ነው።»

«ደላላ አይደለህማ! አንተ ሌሊሳ ነህ። በእሳቸው ጋሪ አልሄድክም?»

«ሄጃለሁ።» እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ረጅም ጊዜ ጠረገ። «ግን ስማ። ሽማግሌው ደርሰውበት ነበር። ልናገር ነበር፤ እውነቴን ነው። ከዚያ አንተ ጀመርክ። ጥቁር ነገር ሙቀት ይስባል፣ ምናምን። እኔ ስለ ኮፈኑ አንዲት ቃል ዋሸሁ? ያስረዳኸው አንተ ነህ።»

 ልናገር ነበር ያለው እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም። አልፎ አልፎ መንገድ ላይ እንገናኛለን፤ ሰላም እንባባላለን፤ ምሳ ግን ከዚያ ወዲህ አብረን በልተን አናውቅም።

አጎቴ ፒክአፑን ያሠሩታል ብዬ ስጠብቅ ሊሸጡት ወሰኑ። ገዢ ሲመጣ «ፀሐይ ሳትወጣ ና» አሉት። ብርድ ልብስ ተከናንቦ መጣ። «ኮፈኑን ዳስስ» አሉት፤ ዳሰሰ፤ በረዶ ነበር። «አስነሳው» አሉት። መኪናው እንደ ልማዱ ጮኸ፣ ተወረወረ። ሰውየው ሁሉንም አይቶ ዋጋውን ዝቅ አስደርጎ፣ የካምቢዮውን ጎማዎች አስቀይራለሁ ብሎ ወሰደው። ሲለያዩ ተሳስቀው ነው። የቆምኩት አጥሩ ጋ ነበር፤ አንድም ሰው ማብራሪያ አልጠየቀኝም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት አጎቴ በምንም ነገር አላማከሩኝም። ሰላምታው አለ፣ ምርቃቱ አለ፤ «ባርሲሳ» ግን ጠፋች። በስሜ ጠሩኝ። ክረምቱ ሲቃረብ አንድ ቀን ደወሉ።

«ፈረስ ልገዛ ነው፤ ነገ ማለዳ ና።»

«እኔ ስለ ፈረስ ምን አውቃለሁ ጋሼ?»

«ለዚህ ነው የጠራሁህ። ነገ አታስረዳም ባርሲሳ። እጅህን ብቻ አምጣ።»

ሄድኩ። ማለዳ ነበር፤ ሻጩ ቆሞ ያዛጋል። እጄን የፈረሱ አንገት ላይ አሳረፍኩና ዝም አልኩ። ደረቅ ነበር፣ ቀዝቃዛም። አጎቴ ፊቴን አይተው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጎረቤቴ ከሥራ ሲመለስ ስለ መኪናው ይጠይቀኛል፤ አውቀዋለሁ። ማታ የሞቀ መኪና አይቼ ምንም ማለት አልችልም፣ ነገ ጠዋት ሳታስነሳው ጥራኝ ልለው ነው። እናንተም አሮጌ መኪና ልትገዙ ቀጠሮ ይዛችሁ ከሆነ፣ ከቀጠሮው ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ሂዱ። ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት መዳፋችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉና ጥቂት ቆዩ። ሞቆ ካገኛችሁት ምክንያቱን እናንተ አትፈልጉለት፤ ሻጩ ራሱ ይንገራችሁ። እስቲ ሞክሩት።