የኃላፊዬ ዋርካ

ክልሉ ገና አዲስ ሳለ ጋምቤላ ከተማ በአንድ ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ። ወንበሩም ጠረጴዛውም ከሌላ መሥሪያ ቤት በውሰት የመጣ ነው። ኃላፊዬ ውጭ አገር እርሻ ተምረው የተመለሱ አኝዋ ነበሩ። ጠረጴዛቸው ላይ የግላቸው የሆነ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን ውስጥ የቆመ፣ ከክንድ የማይረዝም ዋርካ። ግንዱ ወፍራምና የተጣመመ፣ ቅጠሉ ግን ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ። ቦንሳይ የሚባል፣ ሳህን ውስጥ ሆን ተብሎ አንሶ እንዲቀር የሚደረግ ዛፍ እንደሆነና የውጭ አገር አስተማሪያቸው እንዲህ ያሉ ዛፎች ያሳድጉ እንደነበር ነግረውኛል። ይህኛውን ራሳቸው ናቸው ባሮ ዳር ካለ አሮጌ መጋዘን ግድግዳ ስንጥቅ ነቅለው ያመጡት።

አንድ ጊዜ ለሦስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ሲሄዱ ዛፉን ለእኔ ተዉልኝ። ውሃ ማጠጣቱ አልከበደኝም። ሊወጡ ሲሉ ግን አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ዝናብ ሲጀምር ከሳህኑ እንዳወጣው፣ የሥሩን ሲሶ ቆርጬ በአዲስ አፈር እንድተክለው፣ ቅርንጫፎቹንም እንድከረክም በተራ ቁጥር ጽፈዋል። ልማድ ሆኖብኝ በጽሕፈት መኪናዬ ገለበጥኩት።

ዝናቡ እንደገባ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የቢሮውን ዘበኛ እንዲያግዘኝ ለመንኩት። በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጣ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ አሁንም የሚያርስ ሰው ነው። ዛፉ አልላቀቅ ሲለን ቢላዋ በሳህኑ ጠርዝ ዙሪያ አስገባ። ሥሩ የሳህኑን ቅርጽ እንደያዘ ወጣ፤ አፈር የሚባል የለውም ማለት ይቻላል። ዘበኛው አገላብጦ አየና ሌላ አንድ ክረምት ቢቆይ ራሱን አንቆ ይሞት ነበር አለ። መቀሱን ብሰጠው ግን አልተቀበለኝም።

«አደራው ያንቺ ነው» አለኝ። «እኔ እይዝልሻለሁ።»

ቆረጥኩ። ጥቁር መረሬ አፈር ከባሮ አሸዋና ከተነፋ ፍግ ጋር ቀላቅለን ተከልነው። ከዚያ ቅርንጫፎቹን ከረከምኩ። ከእያንዳንዱ ቁስል ነጭ ወተት ይንጠባጠብ ነበር፤ ጣቴ ላይ ተጣብቆ ሁለት ቀን በሳሙና አልለቅ አለ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቅጠሉ ሁሉ ረገፈ። ለኃላፊዬ ደብዳቤ ጀመርኩና ቀደድኩት። የሞተ ዛፍ ጠረጴዛቸው ላይ ቆሞ በየቀኑ እያየሁት እሠራ ነበር። ዘበኛው አንድ ጠዋት ገብቶ ግንዱን በጥፍሩ ፋቀውና ከሥር አረንጓዴውን አሳየኝ። ውሃ ማጠጣቴን ቀጠልኩ። በወሩ ቀላ ያሉ እንቡጦች ብቅ አሉ። ከቅርንጫፎቹ አንዱ ግን እንደደረቀ ቀረ።

ኃላፊዬ ሲመለሱ ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ወደ ዛፉ ሄዱ። የደረቀውን ቅርንጫፍ በጣታቸው ዳሰሱ። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁትን ጀመርኩ፤ አላስጨረሱኝም።

«ሥሩን ቆረጥሽው?»

«አዎ፣ እንዳዘዙኝ።»

ተቀመጡ። አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ስለነበር ሁልጊዜም ቃል መርጠው ነው የሚናገሩት።

«እኔ አምስት ዓመት መቀሱን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ» አሉ። «አስተማሪዬ ሲቆርጡ አይቻለሁ። በእጄ ቆርጬ ግን አላውቅም።»

ተናድጄ ነበር መሰለኝ። አንድ ወር ሙሉ የገደልኩት እየመሰለኝ የሠራሁት ለዚህ ኖሯል። ወደ ጽሕፈት መኪናዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ የደረቀውን ቅርንጫፍ ራሳቸው ቆረጡት።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ዝናቡ ሲገባ ሥራውን ተካፈልን። እሳቸው ቅርንጫፉን፣ እኔ ሥሩን። ሥሩ ሲቆረጥ ወደ መስኮቱ ዞር ይሉ ነበር። ወደ ኢታንግ ሲዛወሩ ዛፉን ዕቃ መጫኛው ላይ እንዲጫን አልፈቀዱም፤ ጋቢና ገብተው ጭናቸው ላይ ይዘውት ሄዱ። በቦታቸው የተመደቡት ሰው ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የሳህን ክብ እድፍ በቀን መቁጠሪያ ሸፈኑት።