የአስማማው የውሃ ኩብኩባ

አስማማው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበር። መንግሥት ቼኮዝሎቫኪያ ልኮ አንድ ዓመት ተኩል አሠልጥኖታል። አብረውት ከሄዱት አንዱ ቴፕ፣ አንዱ የቆዳ ካፖርት፣ አንዱም ጭራሽ ፀጉረ ብጫ ሚስት ይዞ ሲመለስ፣ እሱ አንድ ቀጭን ዘንግና አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ይዞ ባሕር ዳር መናኸሪያ ወረደ። ልትቀበለው የወጣችው ሚስቱ ባንቺአየሁ ሻንጣውን ብታነሣው ቀለለባት።

"ሌላው ዕቃ በኋላ ነው የሚመጣ?"

"ሌላ ዕቃ የለም" አለ በኩራት። "ሣጥኗን ግን ቀስ አድርገሽ ያዣት።"

እቤት ገብታ ስትከፍታት በውስጧ ከጣት ጥፍር የማይበልጡ፣ በክርና በላባ የተጠቀለሉ ጥቃቅን መንጠቆዎች ተደርድረዋል። ባንቺአየሁ አንዱን ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው። "ለዚህ ነው አንድ ዓመት ተኩል የጠበቅሁህ?" አለች።

ነገሩን ለማስረዳት አስማማው ብዙ ጊዜ ደክሟል። በዚያ አገር ቤት ያከራዩት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በሥራ ቀን ቋንቋው ስለማይሞላለት እንደ ድዳ ነው የሚውል። እሑድ እሑድ ግን ሽማግሌው ወንዝ ይወስዱታል፤ በወንዝ ዳር ደግሞ መናገር አያስፈልግም። እዚያ ትራውት የሚሉት ነቁጣም ዓሣ አለ። ይህ ዓሣ በውሃው ላይ ከሚበርረው ዝንብ ይልቅ ገና ክንፍ ያላወጣውን፣ ከድንጋይ ሥር የሚርመሰመሰውን የዝንብ ልጅ ይወዳል። አስማማው በአማርኛ ስም ቢያጣለት፣ ክንፍ ባላወጣው አንበጣ ስም "የውሃ ኩብኩባ" አለው። ዘዴው ያንን ኩብኩባ በክርና በላባ አስመስሎ መሥራት፣ እንዲሰጥም ከሥሩ የመዳብ ሽቦ መጠምጠም፣ ከዚያም የወንዙን መሬት እየዳበሰ እንዲወርድ መልቀቅ ነው። ክሩ አጭር፣ ክንድ ከፍ፣ ዘንጉ ከውሃው ጋር እኩል ይራመዳል። ክሩ ለቅጽበት ቆም ካለ፣ ዓሣ ነው።

"ድንጋይስ ቢሆን?" ትለዋለች ባንቺአየሁ።

"ድንጋይም ሊሆን ይችላል።"

የዓባይ ነገር እንግዲህ ድንጋይ ድንጋዩ ሆነ። አስማማው ከድልድዩ ራቅ ብሎ፣ ውሃው በቋጥኝ መካከል እየተንጫጫ ወደሚወርድበት፣ እሑድ በመጣ ቁጥር ሱሪውን ሰብስቦ ይገባል። መረብ የሚጥሉት ሰዎች አህያ ሙሉ ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ ጭነው ሲያልፉ እሱ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። "ይኼ ሰው ስለት አለበት እንዴ?" ይባባላሉ። ማታ ባዶ እጁን ሲገባ ባንቺአየሁ ሽሮዋን ታቀርብለታለች። "የዓባይ ዓሣ አማርኛ እንጂ የቼክ ቋንቋ አያውቅም፤ እስቲ ቀስ ብለህ በአማርኛ ንገረው" ትለዋለች። ሠፈሩም ከአፉ የማይለየውን ቃል ወስዶ "አስማማው ኩብኩባ" የሚል ስም አወጣለት።

ከቼኮዝሎቫኪያ የመጡት መንጠቆዎች አንድ በአንድ ቋጥኝ ሲያስቀራቸው፣ አስማማው የራሱን መሥራት ጀመረ። መንጠቆው ከመርፌ ይቆለመማል፤ ክር ከፋብሪካው ጥራጊ ይገኛል። ሽቦም ከተቃጠለ ሞተር ይፈታል። የቸገረው ላባ ነው። ለዚህ ዓይነት ሥራ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ የመሰለ የለም፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የእማማ ወለተ ሩፋኤል ዶሮ አለ።

እማማ ወለተ ሩፋኤል ባላቸው መሪጌታ የነበሩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ለፋሲካ ብለው የሚቀልቡት አውራ ዶሮ ቀይ አንገት፣ ጥቁር ደረት፣ አካሄዱ ደግሞ ጦር የሚመራ ዓይነት ስለነበር "ፊታውራሪ" ብለውታል። አስማማው መጀመሪያ የወደቀ ላባ ነበር የሚለቅም። ሁዳዴ ሲገባ ግን ፊታውራሪ የሚጥለው ላባ የአስማማውን ፍላጎት አልከተል አለ። እናም በአጥሩ ቀዳዳ እፍኝ በቆሎ እያቀረበ፣ ዶሮው አንገቱን ሲያስገባ አንዲት ላባ፣ በማግሥቱም አንዲት ላባ መንጨት ሆነ ሥራው። ዶሮው ለበቆሎው ሲል ታገሠው። እማማ ወለተ ሩፋኤል ጥፋቱን በሸለምጥማጥ አሳብበው ቆጡን ሁለት ጊዜ አጠበቁ። በመጋቢት አጋማሽ የፊታውራሪ አንገት እንደ ጥንብ አንሣ ተመልጦ ሳለ፣ አንድ ጧት የአስማማውን እጅ ከነበቆሎው በአጥሩ ቀዳዳ ውስጥ አገኙት።

ነገሩ ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ደረሰ። እማማ ወለተ ሩፋኤል ዶሮውን ታቅፈው ቆሙ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ሰው ፊታውራሪን ገፎ ጨረሰብኝ።"

ሊቀመንበሩ ጓድ ሣህሉ ከወንበራቸው ተነሡ። "የትኛውን ፊታውራሪ?"

"ዶሮዬን ነዋ!"

"እማማ፣ ይህ ማዕረግ እኮ በአብዮቱ ቀርቷል።"

"የቀረው ለሰው ነው። ለዶሮ የወጣ አዋጅ አልሰማሁም።"

ሰው ሣቀ። ጓድ ሣህሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እማማ ወለተ ሩፋኤል ግን ገና አልጨረሱም። "ላባ፣ ቀይ ክር፣ ሹል ብረት፣ በሣጥን ተቆልፎ! ይህ መተት ካልሆነ ምንድን ነው? ቤቱን ፈትሹት።"

ሣጥኗ መጣች። ጓድ ሣህሉ ከፍተው ሲያዩ ላብ ላብ አላቸው። መተት ነው ቢሉ ኋላ ቀር አምልኮ ነውና ለበላይ አካል ሪፖርት ይደረጋል። ሰውየው ሙያውን የተማረው ደግሞ ወንድም ከሆነ ሶሻሊስት አገር ነው። ከሶሻሊስት አገር መተት ተምሮ መጣ ተብሎ እንዴት ይጻፋል?

አስማማው አንገቱን ደፍቶ "ላባውን ነጭቻለሁ፤ አጥፍቻለሁ" አለ። "ግን መተት አይደለም። ዓሣ ማጥመጃ ነው።"

"ስንት ዓሣ ያዝህበት?"

ባንቺአየሁ ከኋላ "እስካሁን አንድም የለም፣ ጓድ ሊቀመንበር፤ መተትም ቢሆን የማይሠራ መተት ነው" አለች። ልትረዳው ብላ ነው።

ሸንጎው በተግባር ይታይ ብሎ ወሰነ።

እሑድ ጧት ሸንጎው፣ ከሳሿ፣ በማስረጃነት የቀረበው ዶሮና ግማሹ ሠፈር ዓባይ ዳር ወረዱ። ውሃው ጎድሎ ጠርቷል። አስማማው ዓሣ ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙሮ ስለሚቆም ከኋላው መቅረብ እንደሚገባ፣ ከቋጥኝ ጀርባ ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ የሚነካኩበት መሥመር የዓሣ ገበታ እንደሆነ እያብራራ ገባ። ጓድ ሣህሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አስማማው የቼኩ ሽማግሌ እንዳስተማሩት አንድ ብጫ ኩብኩባ ላከ። ደገመ። ሠለሰ። ፀሐይ ከረረች፤ ሰው ማዛጋት ያዘ፤ እማማ ወለተ ሩፋኤል "ጋኔኑም እሑድ አይሠራም መሰል" አሉ።

አስማማው ሣቁን ሲሰማ ጆሮው ጋለ። ለመመለስ ዞር ሲል እግሩ አዳለጠውና እስከ ደረቱ ተነከረ። የጨበጠው ድንጋይ ተገልብጦ አብሮት ተነሣ። ከድንጋዩ ሥር አንዲት ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ በጎኗ ቀላ ያለች የውሃ ኩብኩባ እጁ ላይ ወጣች። አያት። የሽማግሌው የመጀመሪያ ትምህርት ትዝ አለው፤ መጀመሪያ ድንጋይ ገልብጠህ እይ፣ ከዚያ ሣጥንህን ክፈት። እሱ ግን የቼኮዝሎቫኪያን ኩብኩባ ለዓባይ ዓሣ ሲያቀርብ ከርሟል።

እየተንጠባጠበ ወጥቶ እማማ ወለተ ሩፋኤል ፊት ቆመ።

"እማማ፣ አንዲት ላባ ይስጡኝ። ከደረቱ፣ ጥቁሯን።"

"በዳኛ ፊት ደግሞ ልትዘርፈኝ!"

"ያለሷ አይሆንም።"

ባልቴቷ ዶሮውን አዩት። እጁ ላይ የምትሄደውን ኩብኩባም ጎንበስ ብለው አዩአት። "ቁርጥ የፊታውራሪን ደረት ትመስላለች እኮ" አሉ፤ ከዚያም ማንም ሳያዛቸው ዶሮውን "አይዞህ የኔ ጌታ" ብለው ላባዋን በገዛ እጃቸው ነጩለት።

አስማማው ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ላባዋን መንጠቆ ላይ ጠቀለለ። ከዚያ ገባ። ክንዱን ከፍ አድርጎ ክሩን ከውሃው ጋር እኩል አስኬደው። ከትልቁ ቋጥኝ ጀርባ ሲደርስ ክሩ ቆም አለ። "ድንጋይ ነው" አለች ባንቺአየሁ ከዳር። አስማማው ዘንጉን ቀና ሲያደርገው ድንጋዩ ሮጠ።

የክንድ ያህል ነጭ ዓሣ ነበር። አስማማው እየወደቀ እየተነሣ ተከተለው፤ ሸንጎውም በዳር በኩል እየሮጠ አብሮት ወረደ። ዓሣው አሸዋው ላይ ሲዘረጋ እማማ ወለተ ሩፋኤል ከሁሉ ቀድመው ጮኹ። "የፊታውራሪ ሥራ ነው! አየህ የኔ አንበሳ!" አሉ ለዶሮው። ባንቺአየሁ የባሏን ሸሚዝ ስትጨምቅ ዓይኗ እንባ አዝሎ ነበር። "በል እንግዲህ፣ መጥበሻ የለንም" ነው ያለችው።

ሸንጎው እዚያው ቆሞ ፈረደ። ነገሩ መተት ሳይሆን ሳይንስ ነው። ሳያስፈቅዱ ላባ መንጨት ግን ነውር ስለሆነ አስማማው ከእንግዲህ እማማን አስፈቅዶ ይወስዳል፤ ጾሙ ሲፈታም ዓሣ ያመጣላቸዋል። እማማ ወለተ ሩፋኤል ተስማሙ። ፋሲካ ሲደርስ ግን ሌላ ዶሮ ገዝተው አረዱ። "እሱ እኮ አሁን ሠራተኛ ነው" አሉ።

ሸንጎው ወንዝ ዳር በፈረደ በማግሥቱ ማለዳ ግን፣ ገና ጎህ ሲቀድ የአስማማው በር ተንኳኳ። በዚያ ዘመን በማለዳ በር ሲንኳኳ የማይደነግጥ የለም። ባንቺአየሁ ባሏን አየችው፤ እሱም አያት። ነጠላዋን አጣፍታ ከፈተች። ጓድ ሣህሉ ብቻቸውን፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ቆመዋል።

"አስማማው አለ?"

"ምን አጠፋ ደግሞ፣ ጓድ ሊቀመንበር?"

ሊቀመንበሩ ግራ ቀኝ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ያቺን ዘንግ እስቲ አንድ ጊዜ ልሞክራት ብዬ ነው" አሉ።

አስማማው ወደ ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት ይዟቸው ወረደ። ጓድ ሣህሉ ያን ጧት የያዙት የገዛ ኮፍያቸውን፣ አንድ የሾላ ቅርንጫፍና የአስማማውን እጅጌ ብቻ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ግን ከእሱ ቀድመው ወንዙ ዳር ደርሰው፣ ድንጋይ እየገለበጡ አገኛቸው።