በሌንስ ላይ የወጠርኩት ስቶኪንግ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ያሲን አዲስ ካሜራውን ይዞ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቴ ድረስ መጣ። ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያነሳ ዲጂታል ነው። በሌሎቹ ካሜራዎች ብርሃን ተቀባይ ሴንሰር ላይ ቀለም የሚለይ ማጣሪያና ምስሉን በጥቂቱ የሚያለሰልስ ስስ መስታወት እንዳለ፣ በዚህኛው ግን ሁለቱም ስለሌሉ ምስሉ ጥርት እንደሚል አስረዳኝ። ከዚያ ፊቴን አንስቶ አሳየኝ፤ ሽበቴ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ስቄ ማለፍ ነበረብኝ። ግን ድሮ ፎቶ ያነሳሁት ሰይድ ትዝ አለኝ።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ እዚሁ ከተማችን ፒያሳ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ነበር፤ ጥበበኛ ነኝ ባይም ነበርኩ። ሌንሱ ላይ ስስ የሴት ስቶኪንግ ወጥሬ ሳነሳ የፊት ጉድፍ ሁሉ ይጠፋል። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን በሸፈነበት አንድ የሐምሌ ቀን፣ እትዬ ዘሃራ የሚባሉ የገራዶ ሴት አንድያ ልጃቸውን ሰይድን ይዘው መጡ። በባቲ በኩል ወደ ዐረብ አገር ሊሄድ ስለሆነ መልኩ እንዲቀርላቸው ፈለጉ። ጉንጩ ላይ የበሬ ቀንድ የተወው ጠባሳ ነበረው። ማንም ሳይጠይቀኝ ስቶኪንጌን ወጠርኩ።

ፎቶውን ሲወስዱ «ማሻ አላህ፣ ልጄን እንዳለ አስቀረህልኝ» ብለው መረቁኝ፤ በሻሻቸው ከቋጠሩት የገብስ ቆሎም ዘገኑልኝ። ቆሎው ገና ትኩስ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ለሠርግ ሥራ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ሙቀቱ ጃኬቴን አስወለቀኝ። መናኸሪያው በር ላይ እትዬ ዘሃራን አየኋቸው። የሰይድ ወሬ ጠፍቶ ነበር፤ ከስደት የሚመለሱትን እያስቆሙ ያንን ፎቶ ያሳያሉ። ሁሉም አይቶ «አላየነውም» እያለ ያልፋል።

«ጠባሳውን ይነግሯቸዋል?» አልኳቸው።

ጣታቸውን ፎቶው ላይ አሳረፉ። «ምን ልንገር ልጄ፣ ይኸው አይታይም?»

እሳቸው ያዩታል። ፎቶው ላይ ግን የለም።

«ይታያል» አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከሚያልፉት አንዱ ሰይድን ያውቀው ይሆናል፤ የእኔ ፎቶ የሚያሳየው ግን ሌላ ሰው ነው። እውነቱን ብናገር አንድ ሰው ቆም ብሎ «እሱንማ አውቀዋለሁ» ይል ነበር? እትዬ ዘሃራ ሳያገኙት ሞቱ። ያ ጥያቄ ግን ከእኔ ጋር አለ።

ይህን ሁሉ ለያሲን ነገርኩትና፣ ካሜራው ጠባሳውን ያወጣው እንደሆነ ብዬ የሰይድን የፊልም ኔጋቲቭ ከሣጥን አውጥቼ ሰጠሁት። በአዲሱ ካሜራ አንስቶ፣ አጉልቶ ብዙ ሞከረ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያውኑ ያልገባውን ከየት ላምጣው?» አለኝ። ሐዘኔን አይቶ ግን ጠባሳውን በእጁ ሊስልልኝ አሰበ። «በየትኛው ጉንጩ ነበር?»

እኔ ረስቼዋለሁ። ያን ቀን መናኸሪያው በር ላይ እናቱ ጣታቸውን ሲያሳርፉ፣ እኔ አፍሬ ፊቴን አዙሬ ነበር። በየትኛው ጉንጭ ላይ እንዳረፈ አላየሁም።