የቁሙ ተዝካር አይቆጠርም ሲሉኝ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ የኮቱን ኮሌታ መገልበጥ ነበር። አንገቱ ዘንድ አልቆ ስለነበር እኔ ስፌቱን ፈታሁ፤ እሱ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አስገባልኝ፤ ያላለቀውን ወገን ወደ ውጭ አዙሬ መልሼ ሰፋሁት። ለበሰውና «አሁንማ ሹመት ቢመጣም አላፍርም» ብሎ ሳቀ። በሳምንቱ ዐረፈ።

ጣልያን ከወጣ ጀምሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ጡረታ የወጣ ሰሞን ሁለታችን ተማክረን በቅሎውን ሸጥንና አንዲት የምትታለብ ላም ገዛን። ፒያሳ ወርዶ ከጓደኞቹ ጋር ሻይ መጠጣቱን ግን አልተወም፤ በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለሳል። እንደ ቤታችን እንጂ እንደ ጎረቤታችን አልኖርንም። ደግሞም ደኅና ኖርን፤ የሰው ደጅ አልጠናንም።

ከቁስቋም በታች አንዲት ጎረቤት ነበረችን። ለባሏ ተዝካር በሬዎቿን አሳርዳ መሬቷን አስይዛ፣ ዓመት ሳይሞላ በሰው ቤት ጥጥ ስትፈትል አየናት። ባለቤቴ ይህን አይቶ በሕይወቱ ሳለ የራሱን የቁም ተዝካር አወጣ። ካህናቱንና የኔ ቢጤዎቹን ጠርቶ ዳቦ፣ ጠላና የምስር ወጥ አቀረበ። «ከእንግዲህ ስሞት ማንም አንቺን አይጠይቅሽም» አለኝ። ታላቅ ወንድሙ ወሬውን ሲሰማ፣ ወንድሜ በምስር ገነት ሊገባ ነው እያለ አላገጠ አሉ።

ይኸው ወንድሙ፣ ባለቤቴ በታመመ ጊዜ አንድ ቀን ብቅ ያላለው፣ ከተቀበረ በዐሥረኛው ቀን ከዳባት መጣ። የነፍስ አባታችንም ተቀምጠው ነበር። ለአርባው ላሚቱ ተሽጣ ሰንጋ እንዲገዛ ቆርጦ ነው የመጣው። እኔ ከዚያ በኋላ በምን እንደምኖር አልጠየቀም። የቁሙን ተዝካር ሳነሳበት፣

«ምነው እቴ፣ ዘመድ ያላየው ተዝካር ደግሞ ይቆጠራል?» አለኝ።

ወደ ነፍስ አባቴ ዞርኩ። «አባቴ፣ ጸሎቱን ያደረሱት እርስዎ ነዎት። ይበቃዋል ወይስ አይበቃውም?»

የዝንብ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ለነፍሱስ ይበቃል» አሉ። «ለሰው አፍ ነው እንጂ የማይበቃው።»

«እንግዲያው አያ፣ ለሰው አፍ ብዬ ላሜን አልሸጥም» አልኩት። «ሥጋውን የሚበላው ሟቹ ቢሆን እሸጥለት ነበር። የሚበሉት እርስዎ ነዎት።»

ወንድሜን እንደ ውሻ ቀበርሽው ብሎኝ ወጣ።

በአርባው ቀን ፍትሐት አስፈትቼ ለካህናቱና ለደጀ ሰላሙ ድኾች ጸበል ጸዲቅ አቀረብኩ። ከዘመድ አንድ ሰው አልመጣም። ገበያ ስወጣ ዛሬም ቋጣሪዋ ይሉኛል። ይህን ስጽፍ እንባና ንዴት እየተፈራረቁብኝ በቀን ሁለት መስመር ጽፌ የምተወው ጊዜ አለ። ባሌን አርባ ቀን ሳይሆን ዕድሜዬን ሁሉ አለቅሰዋለሁ፤ ለዚያ ግን ሰንጋ አያስፈልገኝም። ያችን ጎረቤቴን ጥጥ ያስፈተሏት ዘመዶቿ፣ በልተው ከወጡ ወዲህ ደጇን ረግጠው አያውቁም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ላሜን አልባለሁ። ግማሹን ወተት አራዳ ላለ ሻይ ቤት እሸጣለሁ፤ ግማሹን እጠጣለሁ።