ቅቤ የነካው ሌንስ

ከሰው ጋር ማውራት ስለሚያስፈራኝ ቡታጅራ በአጎቴ ፎቶ ቤት የምሠራው ጓዳ ውስጥ ነበር። ፎቶ አጥባለሁ፣ ሌንሶቹን እጠብቃለሁ። ከሁሉም የምወደው ጥቃቅን ነገር አቅርቦ የሚያነሳውን ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ አደይ አበባ ፊቱ አቆምና ከካሜራው ጀርባ ባለው ብዥ ያለ መስታወት አያለሁ። አበባው ተዘቅዝቆ ይመጣል፤ ብናኙ እንደ አውድማ እህል ተከምሮ። ያኔ ክፍሉም፣ የጃንሆይ ፎቶ የተሰቀለበት ግድግዳም ይጠፉብኛል።

«ሌንስ ስትጠርጊ መጀመሪያ አቧራውን እፍ በዪው፤ ጨርቅ የመጨረሻው ነው» ይለኝ ነበር አጎቴ። በክረምት ሻጋታ እንዳይዘው ፀሐይ ብቅ ስትል ከሳጥኑ አውጥቼ መስኮት ዳር አቆየዋለሁ።

መስቀል ሲቃረብ አንዲት እናት መጡ። በእኛ አገር የትም የሄደ ልጅ ለመስቀል ቤቱ ይገባል። አዲስ አበባ ለንግድ የሄደው የእርሳቸው ልጅ ግን አምና አልገባም፤ ወሬውም ጠፍቷል። የቀራቸው ለመታወቂያ ከተነሳው የተረፈች፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ፎቶ ነበረች።

«አሳድጉልኝ። ዘንድሮም ቤቱ ያለሱ እንዳይሆንብኝ።»

ፎቶዋን ስቀበል ከጣቴ አሟለጨች። በቅቤ ታሽታለች።

«እማማ፣ ልጁን ክትፎ አደረጉት እኮ!» አለ አጎቴ።

«ዝም በል አንተ! ቅቤ ያልቀባሁት ምን ነገር ሰነበተልኝ? ጣባውም፣ ቆዳውም፣ ይኸው ፀጉሬም። መሰንጠቅ ስትጀምር ቀባኋት።»

የአጎቴ ዓይን ስለደከመ ማስተካከሉ የእኔ ሥራ ነበር። በሌንሱ ሳይ ቅቤው አብረቅርቆ ፊቱን ሸፍኖታል። በጥጥ ቀስ እያልኩ አነሳሁት፤ ወረቀቱ ከተላጠ ሌላ ልጅ የላቸውም፣ ሌላ ፎቶም የለም። ትንፋሼን ይዤ ፎቶዋን የፀጉር ያህል ወደፊት ወደኋላ ሳደርግ ዓይኖቹ ጥርት ብለው መጡ። ወዲያው ደግሞ ጭጋግ ዋጣቸው። ቀና ስል እናቲቱ ልጃቸውን ለማየት በሌንሱና በፎቶዋ መካከል ጎንበስ ብለዋል፤ የተቀባው ፀጉራቸው መስታወቱን ነክቶታል።

አጎቴ ወደ ጨርቁ ሮጠ። እርሳቸው ግን ወደ ካሜራው ጀርባ ዞረው መጡና አንገታቸውን ዘመም አድርገው የተዘቀዘቀውን ልጅ አዩት።

«አትጥረጉት» አሉ በመጨረሻ። «በሕልሜ ሲመጣ እንዲህ ነው።»

«ጭጋግ እኮ ነው፣ እማማ! አገሩ ምን ይለኛል?» አለ አጎቴ።

«አገሩ ነው ወይስ እኔ የማየው?»

«ሁለቱንም እናንሳ» አልኩ። ድምፄን ስሰማው እኔው ደነገጥኩ።

አንድ ጊዜ በጭጋጉ አነሳን። ከዚያ የሌንሱን አቧራ እፍ ብዬ፣ በንጹሕ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር እያዞርኩ ጠረግሁና ደግመን አነሳን።

እናቲቱ በደመራ ዋዜማ ፎቶዎቹን ሊወስዱ መጡ። ጥርት ያለው ላይ ጉንጩን አቋርጦ የሄደው የወረቀቱ ስንጥቅ እንኳ ይታያል። በሌላው ግን ልጁ ከማለዳ ጉም ውስጥ ወደ እኛ የሚመጣ ይመስላል።

«ይሄ ግድግዳዬ ላይ ይውላል» አሉ ጉሙን ደረታቸው ላይ አድርገው። ጥርት ያለውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ይሄን ደግሞ ከመስቀል በኋላ አዲስ አበባ ለሚመለሱት አስይዛለሁ። በየሱቁ ያሳዩልኝ። አይቶት የሚያውቅ አይጠፋም።»

በነጠላቸው ሲጠቀልሏቸው ጣታቸው ወደ ፀጉራቸው ሲሄድ አየሁ።

«እናቴ፣ እነዚህን እንዳይቀቧቸው» አልኩ።

«መንገደኛውን አልቀባውም» አሉ ሳቅ እያሉ። «ቤት በሚቀረው ግን አንቺ አታዢኝም።»