የደንበኛ ዙሉኛ

የያዙን ክፍል ውስጥ ነው። ክፍል ስል ዮቪል ሰፈር ፎቅ ላይ የተከራየሁትን አንድ ክፍል ማለቴ ነው። አልጋዬን ግድግዳው ላይ አቁሜ ለሱቅ ነጋዴዎቻችን ዙሉኛና እንግሊዝኛ አስተምርበት ነበር። የኮሮና ሎክዳውን ስለነበር መሰብሰብ ክልክል ነው። ፖሊሶች በሩን ሲመቱ ወጣቶቹ በኋላ ደረጃ አመለጡ። ያልሮጥነው እኔና ጋሼ የምላቸው አንድ የዛንድስፕሩት ሰፈር ባለሱቅ ነን። እሳቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ እግራቸው አይታዘዝላቸውም። እኔ ደግሞ ተማሪዬን ትቼ መሮጥ አልሆነልኝም። የሁለታችንም የጥገኝነት ወረቀት ጊዜው አልፏል። ቢሮው በኮሮና ስለተዘጋ እንደታደሰ ይቆጠራል ተብሎ ነበር፤ ይህን ለፖሊሶቹ በቅደም ተከተል አስረዳሁ። እስክጨርስ አዳመጡኝና መኪና ላይ ጫኑን።

ከሀገሬ ያስወጣኝ የመምህራን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነገር ነው፤ ስለዚህ እስር ቤት ለእኔ አዲስ አልነበረም። ይኸኛው ሽታው ይለያል፤ ሽንትና ሳኒታይዘር። ወለሉ ላይ ርቀት ለማስጠበቅ ቢጫ ፕላስተር በመስቀል ቅርጽ ተለጥፏል። በእያንዳንዱ መስቀል ላይ ሦስት አራት ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል።

የእሳቸው ክኒን መግቢያው ላይ በተወሰደው ቦርሳ ውስጥ ቀርቷል። ካልዋጡ ራሳቸውን እንደሚስቱ ነገሩኝ። ጠባቂው በኮሪደሩ ሲያልፍ ልናገር ስነሳ ቀደሙኝ።

«ዌና! ሌታ አማፒሊሲ፣ ሼሻ!»

አንተ! ክኒን አምጣ፣ ቶሎ በል! ማለት ነው።

እዚህ ላይ ማስረዳት ይኖርብኛል። የእኛ ነጋዴ ዙሉኛ የሚለምደው ከሱቁ የብረት መስኮት ኋላ ቆሞ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሰማው የደንበኛ ቋንቋ ነው፤ ደንበኛ ደግሞ ያዛል፣ ይቸኩላል፣ ሲብስም ይሰድባል። እባክህ የሚለውን ከማን ይስማ? ጋሼ ክፉ አልተናገሩም። የራስ ምታት ክኒን ከእሳቸው ሱቅ የሚጠየቀው እንደዚያ ነው፤ የሰሙትን ሳያጓድሉ መለሱት።

ጠባቂው ቀስ ብሎ ተመለሰ። ማስኩን ወደ አገጩ አወረደና ብረቱን የያዙትን ጣቶቻቸውን በዱላው መታ።

«ማይ ፍሬንድ፣ ባለሱቅህ መሰልኩህ?»

ማይ ፍሬንድ እዚህ አገር የውጭ ባለሱቅ ሁሉ መጠሪያ ነው። እኔ በዙሉኛ ይቅርታ ጠይቄ ሕመማቸውን ገለጽኩ። ጠባቂው አንተን ማን ጠየቀህ አለኝ። ሰውዬው ራሳቸው በሥርዓት ከለመኑ እንደሚሰጣቸው፣ ካልሆነ ግን ክኒኑ እዚያው እንደሚቀመጥ ነገረኝ።

ማስተማር ጀመርኩ። ንጊጼላ ማለት እለምናለሁ ነው፤ መካከል ላይ ያለው ድምፅ ምላስን ከፊት ጥርስ ጀርባ አጣብቆ በመሳብ ይወጣል። ከንፈራቸው ደርቆ ስለነበር ድምፁ ቶሎ አልመጣላቸውም። ጣቶቻቸው አብጠዋል። ደጋግመው አሉትና ያዙት። ጠባቂው የክኒኑን ዕቃ በእጁ እያንሿሿ መጣ። ጋሼ ተነሥተው «ንጊጼላ አማፒሊሲ አሚ፣ ባባ» አሉ፤ ክኒኔን እለምናለሁ፣ አባቴ ማለት ነው። አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

«ጎበዝ» አለ። «እኔ ግን ሶቶ ነኝ።»

ሄደ። የሶቶውን አስተማርኳቸው። ሲመለስ እሱንም በትክክል አሉት። አሁን በቬንዳ ይሁን አለ። ቬንዳ እንደማላውቅ ነገርኩት።

«አሥራ አንድ ቋንቋ አለን» አለኝ። «እኔም እስከ ነገ ጠዋት ተረኛ ነኝ።»

መጀመሪያ ላይ ይስቁ የነበሩት እስረኞች አሁን መሬት መሬት ያያሉ። ቬንዳ የሚችል ሰው ፍለጋ ስነሳ ጋሼ እጅጌዬን ያዙኝ።

«ይብቃ፣ ቲቸር። አማርኛንም በአለንጋ ነው ያስገቡብኝ፣ ሀዲይኛ ተናገርክ እያሉ። ስንቱን ቋንቋ እየተገረፍኩ ልማር?»

ጥቂት አረፉና ስሜ እገሌ ነው በዙሉኛ እንዴት እንደሚባል ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የኮታቸውን ቁልፍ በአበጡት ጣቶቻቸው ቆለፉ፤ ብረቱን ሳይደገፉም ቆሙ።

«ኢጋማ ላሚ ንጉ» አሉና ስማቸውን፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን ስም ተናገሩ። እዚህ አልጽፈውም። ጠባቂው ዕቃውን ማንሿሿት አቆመ።

«እሺ፣ ታዲያስ?»

«ይኸው ነው» አሉ በአማርኛ፤ ተቀመጡም። እሱ ክኒኑን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ጠዋት አልነቁም። ጮኼ ጮኼ ጠባቂው መጣ። መጀመሪያ ማይ ፍሬንድ እያለ ትከሻቸውን ወዘወዘ። ቀጥሎ ፊቱ ተለወጠና በስማቸው ጠራቸው፤ የአባታቸውንም ጨመረ። አላበላሸውም። እሳቸው ግን አልሰሙትም። ሆስፒታል ወሰዷቸው፤ በኮሮና ምክንያት ጠያቂ አይገባም ነበር። እዚያው ሞቱ።

እኔ ተፈትቼ አሁንም ዮቪል ውስጥ አስተምራለሁ። አዲስ የሚመጡት ልጆች አይቮሪ ፓርክ ሰፈር ሱቅ ከመግባታቸው በፊት ዋጋና ልመና ቶሎ እንዲገባቸው ይፈልጋሉ። ድሮ በንጊጼላ እጀምር ነበር፤ አሁን እሱ ሁለተኛ ትምህርት ነው። በቀደም አንዱ፣ ቲቸር፣ ደንበኛ ስም አይጠይቅም እኮ አለኝ። አይጠይቅም አልኩት፤ ቢሆንም ተነሥቶ እንዲናገር አደረግኩት። ከእሱ በኋላ ሌሎቹም ተራ በተራ እየተነሡ ስማቸውን እስከ አያት ተናገሩ። ማንም ማንንም አላቋረጠም።